ባሕር ያላየ ባሕረኛ

የባሕር በር ጉዳይ በተነሳ ቁጥር አንድ ዐረፍተ ነገር አይጠፋም። «እኛ ደገኞች ነን፤ ከውሃ ጋር አንተዋወቅም።» አንዳንዱ በቁጭት ይለዋል፣ አንዳንዱ በፌዝ። ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ቀይ ባሕር በአደባባይ መናገር ከጀመሩ በኋላ፣ ይህችን ዐረፍተ ነገር ያልሰማ የለም። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም ተባለች። ከዓመት በኋላ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር የጋራ መግለጫ ሲወጣም ተደገመች። ደጋፊውም ተቃዋሚውም በአንድ ነገር የተስማሙ ይመስላል፦ ደገኛ ውሃ ይፈራል።

ፖለቲካው ለጊዜው ይቆይ። ስለ ወደብ ዲፕሎማት ይከራከርበት። ግን ይህች «ደገኛ ውሃ ይፈራል» የምትባለው ነገር እውነት ናት?

ካርታ ይውጣና ምሥራቅ ጎጃም ይታይ። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄዳል፤ ጢስ ዓባይ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ ገደል ውስጥ ገብቶ ሞጣን በስተሰሜን፣ የቢቸናን አገር በስተምሥራቅ፣ ደጀንን በስተደቡብ እያለፈ ይዞርና ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ጎጃም በሦስት ጎን በአንድ ወንዝ የተከበበ አገር ነው። ሞጣ የተቀመጠ ሰው ቤጌምድር ዘመድ ካለው ዓባይን ይሻገራል። ቢቸና ያለው ወሎ ገበያ ካሰበ ዓባይን ይሻገራል። ሸዋ ለመሄድም ዓባይ፣ ወለጋ ለመውረድም ዓባይ። በዚህ ሒሳብ ጎጃሜ ማለት የደሴት ሰው ነው። የደሴት ሰው ደግሞ ውሃ አያውቅም ቢባል ማን ያምናል?

መርከብ አልነበረውም፤ እሱስ ልክ ነው። ጀንዲ ግን ነበረው።

ጀንዲ ማለት ደህና ተደርጎ የለፋ የበሬ ቆዳ ነው። ቤት ውስጥ ይተኙበታል። ዓባይ ዳር ሲደርስ ግን ጀልባ ይሆናል። ቆዳው መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ጭነቱ መሐሉ ላይ ይቀመጣል፤ ጠርዙ ዙሪያውን ተሰብስቦ በጠፍር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ዋና የማይችል መንገደኛ እላዩ ላይ ይወጣል። አንድ ዋናተኛ ከፊት ጠፍሩን ይዞ ይስባል፣ ሌላው ከኋላ ይገፋል። አንዳንዱ ደግሞ ስልቻ ነፍቶ ደረቱ ሥር ያደርግና ይቀዝፋል። በቅሎና አህያ በራሳቸው ይዋኛሉ፤ ባለቤታቸው አጠገባቸው ሆኖ አንገታቸውን ቀና ያደርጋል። አዞ ያለበት መልካ ከሆነ ዳር የቀሩት ሰዎች ይጮኻሉ፣ ድንጋይ ይወረውራሉ።

የጭነቱ ነገር ሲታሰብ ደግሞ ሥራው ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ይገባል። የድሮ ነጋዴ ይዞት የሚዞረው አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ ሸቀጥም ገንዘብም ነው። ጠፍሩ ላልቶ ውሃ ከገባበት ነጋዴው ዕቃው ብቻ ሳይሆን ኪሱም ሟሟ ማለት ነው። የዛሬ መርከብ ጫኚ ለጭነቱ መድን ይገባል፤ የዚያን ጊዜው ነጋዴ መድኑ የዋናተኛው ክንድና የጠፍሩ ቋጠሮ ነበር።

አሻጋሪው ውሃ ውስጥ የሚገባው ማዶ ሊወጣበት ካሰበው ቦታ ትይዩ አይደለም። መጀመሪያ መውጫውን ድንጋይ ያያል። ከዚያ ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ እንደ ውሃው ጉልበት ሃምሳም ይሁን መቶም እርምጃ። ውሃው ወደ ታች እንደሚወስደው ስለሚያውቅ፣ የሚወሰድበትን ያህል አስቀድሞ ወደ ላይ ይሄዳል። መርከበኛ ትምህርት ቤት ገብቶ በካርታና በኮምፓስ የሚማረው ይህንኑ ነው፤ ሞገድና ነፋስ መርከቧን ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚገፏት አስልቶ አቅጣጫን አስቀድሞ ማረም። ያኛው በወረቀት ያሰላል፣ ይኼኛው በዓይኑ። ሁለቱም ከተሳሳቱ ወደብ ያመልጣቸዋል።

ዘመኑንም ያውቃል። ከዓባይ ዓመታዊ ውሃ አብዛኛው የሚወርደው በክረምቱ ጥቂት ወራት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወንዙ አፈር ጠጥቶ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ ድምፁ ከገደሉ አፋፍ እየተሰማ ይሄዳል። ያን ጊዜ መልካው ይዘጋል። ሠርግ ቢሆን፣ ልቅሶ ቢሆን፣ ዕዳ ቢሆን ይጠብቃል። ከጥቅምት ወዲያ ውሃው ይጎድላል፤ በታኅሣሥና በጥር መንገደኛ ይበዛል። አንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ፈሪዎች ናቸው፤ አራት ወር ቁጭ ይላሉ» ሊል ይችላል። የሕንድ ውቅያኖስን በሸራ ጀልባ ሲያቋርጡ የኖሩት ዐረቦችና ሕንዶችስ ምን ያደርጉ ነበር? እነሱም ይጠብቁ ነበር። ከኅዳር እስከ መጋቢት በሚነፍሰው ነፋስ ወደ አፍሪካ ይመጣሉ፣ አቅጣጫው ሲገለበጥ ይመለሳሉ። ሰኔና ሐምሌ ላይ ግን ነፋሱ ከልክ በላይ ስለሚበረታ የሕንድ ምዕራባዊ ወደቦች ይዘጉ ነበር። ያ ወደብ የሚያዘጋ ነፋስና ጮቄ ላይ ወርዶ ዓባይን የሚሞላው ክረምት ዘመዳሞች ናቸው። የሙስካቱ ባለ ጀልባና የሞጣው ነጋዴ ሳይተዋወቁ በአንድ ወር ቤታቸው ይውሉ ነበር። አንደኛው በዓለም መጻሕፍት ታላቅ ባሕረኛ ተባለ፤ ሌላው ደገኛ።

ወደ ድልዩ እንምጣ።

ከሞጣ ቁልቁል ሲወረድ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገርለታል። ጢስ ዓባይ አጠገብ ካለው ጋር ሁለቱ በዓባይ ላይ የተሠሩ የጥንት የድንጋይ ድልድዮች ናቸው። ሰባራ የሚለው ስም የወጣለት አለምክንያት አይደለም። በጣልያን ወረራ ዘመን አንዱ ቅስት ፈረሰ፤ ጠላት እንዳይሻገር ተብሎ ነው። የዚያ ዘመን ቢቸናና ሞጣ የበላይ ዘለቀና የሌሎች አርበኞች አገር ነው፤ ድልድይ ማፍረስ ያኔ ብልህነት ነበር።

ጠላት ሄደ፤ ድልድዩ ግን ሰባራ እንደሆነ ቀረ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት አይደለም፤ ከስልሳ ዓመት ለማያንስ ጊዜ። ንጉሡ ተመለሱ፣ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፤ ቅስቱ አልተጠገነም። ሰዉ ታዲያ ምን አደረገ? ገመድ ዘረጋ። ከወዲህኛው ጠርዝ ጎበዛዝት፣ ከወዲያኛው ጠርዝ ጎበዛዝት ይቆማሉ። የሚሻገረው ሰው ገመዱን ወገቡ ላይ ያስራል፣ በእጁም ይጨብጣል፤ ከዚያ አየር ላይ ይንጠለጠላል። እነዚህ ይለቃሉ፣ እነዚያ ይስባሉ። ከእግሩ በታች ዓባይ ይሄዳል። ቀልድ የሚመስለው ነገር ይህ ነው፦ መርከብ ላይ ሰውን ከአንዱ መርከብ ወደ ሌላው በገመድ ማሻገር የባሕር ኃይሎች በልምምድ የሚያስተምሩት ሙያ ነው። ከሞጣ በታች ያለ ገበሬ ግን ገበያ ለመሄድ ነው የሚሠራው።

ይህን ሁኔታ የሚያሳይ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ መጽሔቱን ሲያገላብጥ ያችን ምስል አየ። ሰውዬው በማግሥቱ አልረሳውም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባል ግብረ ሰናይ ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002 ሰባራ ድልድይ ተጠገነ። የብረቱ ዕቃ ገደሉን የወረደው በሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ ነበር። በ2005 የዓባይ ሙላት የተጠገነውን ክፍል ወሰደው። በ2009 ደግሞ ውሃው የማይደርስበት ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተዘረጋ። ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር በመቶ የሚቆጠሩ ድልድዮች ሠርቷል፤ የሁሉም መነሻ ይህችው ከሞጣ በታች ያለች የተሰበረች ቅስት ናት።

ፍራንትዝ ምስጋና ይገባዋል፤ ማንም አይነፍገውም። ቅር የሚያሰኘው ሌላ ነው። ያን ገመድ ሲስቡ የኖሩትን ሰዎች ያያቸው ጠፍቶ አልነበረም። ገበያተኛው ያያቸዋል፤ ቀረጥ ሰብሳቢው ያያቸዋል፤ የወረዳው ሹም፣ የአውራጃው ገዢ ያያቸዋል። የታዩት ግን ፎቶግራፍ ሆነው ባሕር ተሻግረው ሲመለሱ ነው።

እዚህ ላይ ዓባይን ቁልቁል ስለወረዱት ሰዎች ማንሳት ግድ ነው፤ የወንዙ የጀልባ ታሪክ ሲጻፍ እነሱ ብቻ ናቸውና የሚጻፉት። እ.ኤ.አ. በ1903 ማክሚላን የተባለ ባለጸጋ አሜሪካዊ የብረት ጀልባዎች አስይዞ ገደሉ ውስጥ ገባ፤ ብዙም ሳይርቅ ወንዙ ጀልባዎቹን ሰባበራቸው። ቺዝማን የተባለው በዳንግላ የነበረ የእንግሊዝ ቆንስል ብልህ ነበር፤ ጀልባውን ትቶ በበቅሎ አፋፍ ለአፋፍ እየሄደ ካርታ ሠራና በ1936 መጽሐፍ አሳተመ። በ1962 ከፈረንሳይና ከስዊዘርላንድ የመጡ ቀዛፊዎች ሞከሩ፤ ሁለቱ በሽፍታ ተገደሉ። በ1968 አፄ ኃይለ ሥላሴ ፈቅደውላቸው፣ በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የሚመሩ የእንግሊዝ ወታደሮችና ሳይንቲስቶች በክረምት ሙላት ውስጥ ገቡ። በአየር የሚነፉ ጎማ ጀልባዎች ነበሯቸው፤ በሞተር የሚሄዱም ነበሯቸው። እነሱም አንድ ጓዳቸውን ለውሃ ሰጥተው፣ ከሽፍታ ጋር ተታኩሰው ነው የወጡት። ያ ጉዞ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ቱሪስት ገንዘብ ከፍሎ ለሚዝናናበት የጎማ ጀልባ ስፖርት ትልቅ ትምህርት ሆኖ ይጠቀሳል።

የመጨረሻዎቹ የተሻለ ዕድል ገጠማቸው። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ታኅሣሥ 2003 ላይ ተነስተው ሚያዝያ 2004 ሜዲትራኒያን ደረሱ፤ 114 ቀን። ከጣና አካባቢ እስከ እስክንድርያ ወንዙን ሙሉ በሙሉ የወረዱ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ተባሉ፤ ፊልምም ተሠራላቸው።

ጀግንነታቸው እውነት ነው። ያ ገደል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ አንዴ ከገቡበት መውጫው የማይገኝ ነው። ግን ልብ በሉ፤ እነሱ ወንዙን የወረዱት አንድ ጊዜ ነው። የሞጣና የቢቸና ሰው የሚሻገረው ግን ዕድሜ ልኩን ነው። እነሱ ባይመጡ ቤታቸው ይቀሩ ነበር። እሱ ካልተሻገረ ጨው የለም፣ ሙሽራ የለችም፣ እርቅ የለም። በተነፋ ጎማ የገባው ፈር ቀዳጅ ከተባለ፣ በተነፋ ስልቻ ቀድሞት የገባው ምን ይባላል? የአንድም አሻጋሪ ስም በክብር መዝገብ ላይ የለም።

ስለ ጎማውና ስለ ስልቻው ይህን ያህል። የመርከቡም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955 ምጽዋ ላይ ሲቋቋም መርከብ ላይ የወጡት ብዙዎቹ ባሕር አይተው የማያውቁ ልጆች ነበሩ። የኖርዌይ መኮንኖች አሠለጠኗቸው። በ1962 «ኢትዮጵያ» የተባለችው ትልቋ መርከብ ከአሜሪካ መጣች። በየዓመቱ በባሕር ኃይል ቀን የአሜሪካም የሶቪየትም የእንግሊዝም የጦር መርከቦች ምጽዋ እየመጡ ይቆሙ ነበር፤ በዚያ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን እነዚህን ጎን ለጎን ያስቆመ ወደብ ጥቂት ነው። ደገኛ ውሃ ይፈራል የሚለው ሰው ያን ዘመን ይጠይቅ። የባሕር ኃይሉ መጨረሻ የመጣው በመርከበኞቹ ፍርሃት አይደለም። በ1990 ምጽዋ ተያዘች፤ በ1991 የቀሩት መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ሸሹ፤ «ኢትዮጵያ»ም በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ባሕሩ ሄደ እንጂ ባሕረኛው አልሸሸም።

የንግድ መርከቡ ግን አልቆመም። በ1964 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ አገሩ ወደብ አልባ ከሆነ በኋላም ባንዲራውን አላወረደም። መርከቦቹ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ጅግጅጋ፣ አሶሳ እየተባሉ ተጠርተዋል፤ በቅርቡ ደግሞ ዓባይ 2 የተባለች ትልቅ መርከብ ተጨምራለች። ነገሩን አስቡት። ዓባይ የሚባል መርከብ ውቅያኖስ ላይ ይሄዳል፤ ዓባይ የሚባለው ወንዝ ዳር ግን፣ ከሞጣ እስከ ደጀን ባለው ገደል ውስጥ፣ መንገደኛ የሚያሻግር አንድ ደህና ጀልባ ማግኘት ጭንቅ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ለጣና የተገዛችው ጣናነሽ 2 ከጅቡቲ ተነስታ በየብስ፣ በከባድ መኪና ላይ ተጭና ተጓዘች። ሰዉ በየመንገዱ እየወጣ አጨበጨበላት። መርከብ ሲያልፍ በሰፈሩ አስፋልት ላይ ቆሞ ማየት እንደ ኢትዮጵያዊ የደረሰው ሕዝብ ያለ አይመስልም።

ምሩቅ መሐንዲሶች ተመልምለው መርከበኛ መኮንን ሆነው የሚሠለጥኑበት ዕድልም ተከፍቷል፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በዚህ እጁ አለበት። ከጎጃም ገጠር የወጣ ልጅ ዛሬ በውጭ ኩባንያ መርከብ ላይ የሞተር ክፍል መሐንዲስ ሆኖ ሲንጋፖርና ሮተርዳም ሊያድር ይችላል። ለመርከብ ሥራ የሚቀጠር ማንኛውም ሰው በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት መጀመሪያ የነፍስ አድን ሥልጠና ይወስዳል፦ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለብሶ ከከፍታ ውሃ ላይ መዝለል፣ የተገለበጠ የጎማ ታንኳ ማቅናት፣ እርዳታ እስኪመጣ ተንሳፍፎ መቆየት። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ዋናን የሚጀምሩት እዚያው ነው። አያቶቻቸው ስልቻ ነፍተው ሲሻገሩ የኖሩ ልጆች!

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ እዚህ ጋ ነው። የምናጣው ባሕሩን ብቻ አይደለም፤ የውሃ ዕውቀቱንም እያጣን ነው። ድልድይ ሲሠራ አሻጋሪው ሥራ ይፈታል፤ ይህ ደስ የሚል ሥራ መፍታት ነው፤ ማንም ጀንዲው ይመለስ አይልም። ግን ድልድዩ ያለው ጥቂት ቦታ ላይ ነው። ደጀንና ጎሐ ጽዮን መካከል ጃፓኖች ያሠሩት በ2008 ተመረቀ፤ ባሕር ዳር ላይ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ በ2016 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የሰባራ ድልድዩ ተንጠልጣይ አለ። በእነዚህ መካከል ያለው ገደል ረጅም ነው፤ ወደ ዓባይ የሚወርዱት እንደ ሱሃና ሙጋ ያሉት ገባሮችም ክረምት ሲገባ እያንዳንዳቸው ትንሽ ዓባይ ይሆናሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ምጧ የሚመጣው በታኅሣሥ ብቻ አይደለም። ተማሪ በመስከረም መጀመሪያ ትምህርት ቤት መድረስ አለበት፤ ውሃው ያኔ ገና አልጎደለም። አሻጋሪው የለም፣ ድልድዩ አልደረሰም፣ ልጁ ዋና አልተማረም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው በዚህ መሐል ነው።

ለወደብ የሚነሳው ክርክር አንድ ሺህኛ እንኳ ለዚህ ቢነሳ ደግ ነበር። የምጽዋንና የዘይላን ጥልቀት በሜትር የሚያውቅ ተንታኝ፣ አንድ የገጠር ወረዳ ውስጥ ባለፈው ክረምት ስንት ሰው ውሃ እንደወሰደው ቢጠየቅ ዝም ይላል። ይህ ወቀሳ ለመንግሥት ብቻ አይደለም፤ በየቻናሉ ስለ ባሕር በር ለሚጽፈውም ነው። በየትምህርት ቤቱ ዋና የሚያስተምር ሰው መቅጠር፣ ጸጥ ያለ ውሃ ባለበት መልካ ላይ ጃኬት ያለው ጀልባ ማቆም፣ ለገባሮቹ የእግረኛ ድልድይ መዘርጋት ከማንም አገር ጋር የመግባቢያ ሰነድ አይጠይቅም።

አሁንም በጥር ወር ከአፋፉ ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰው ያየዋል። ውሃው ጎድሏል፣ ጠርቷል፤ ድንጋዮቹ ወጥተዋል። አንድ ሰው ማዶ ያለውን መውጫ ለአፍታ ያያል። ልብሱን አውልቆ ይጠቀልልና አናቱ ላይ ያስራል። ከዚያ ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ መራመድ ይጀምራል።